ከሳንሱሲ እስከ ሚሊኒየም አዳራሽ፦ ስኳር፣ ወረርሽኝና ሁለት በሮች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ የአምቦ መንገድ ከተማዋን ለቆ ወደ ቡራዩ በሚዘልቅበት በሳንሱሲ የሚኖር አንድ የስኳር ሕመምተኛ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ይዞት ቢጸናበት ወዴት ይወሰድ እንደነበር ካርታ ላይ በጣት መከተል ይቻላል። ለስኳሩ ሲመላለስ የኖረው በሰፈሩ ጤና ጣቢያ፣ ሲብስበትም በአስኮ በኩል ወደ ዊንጌት ወርዶ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ለኮሮናው ግን የሚሄደው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ወደ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ቦሌ ወዳለው ሚሊኒየም አዳራሽ ነበር። የዓመታት ካርዱ፣ የኢንሱሊኑ ልክ፣ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚናገረው የላቦራቶሪ ወረቀት ምዕራብ ካርድ ክፍል ውስጥ ይቀራል፤ እሱ ምሥራቅ ይተኛል። ይህን የአንድ ወረርሽኝ ጥድፊያ የወለደው ግርግር አድርጎ ማለፍ ይቀላል። ለእኔ ግን ከዚያ የራቀ ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። ስኳር ያለበትን ሰው በጽኑ የቫይረስ ሕመም ጊዜ ለሞት የሚያቀርበው የቫይረሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ሕክምናችን «ተላላፊ» ያለውንና «ተላላፊ ያልሆነ» ያለውን በሁለት በር፣ በሁለት መዝገብ ለያይቶ ማደጉም ነው። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በአንድነት የሚቀበላቸው ቤት አልተሠራም ነበር።

የአንደኛው በር ታሪክ እዚያው ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ይገኛል። ከሳንሱሲ ወደ ዊንጌት ወርዶ በአስራ ስምንት ማዞሪያና በጦር ኃይሎች በኩል ወደ ደቡብ የቀጠለ ሰው ዘነበወርቅ ይደርሳል። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚያ ሲተከል ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ የተመረጠውም ስለራቀ ነው። በ1958 ዓ.ም. በዚያው ግቢ አለርት ተቋቋመ፤ ከመላ አፍሪካ የሚመጡ ባለሙያዎችን በሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሐድሶ የሚያሠለጥን ማዕከል ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 አጠገቡ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ሰውን ከሰው ለመለየት የተመረጠ ቦታ የእውቀት ቦታ መሆኑ ለመለየቱ ልማድ የሚቆጠርለት ነው፤ ኮሮና ሲመጣ ናሙና ከመረመሩት ቀደምት ላቦራቶሪዎች አንዱ ይኸው ተቋም መሆኑም ሳይዘነጋ። ፈንጣጣም የተሸነፈው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ቤት ለቤት ፈልጎ ማግኘት፣ የታመመውን ለይቶ ማቆየት፣ ዙሪያውን መከተብ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተመዘገበው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያ ድል ለአንድ ትውልድ የጤና ባለሙያ ያወረሰው ልማድ አለ፤ በሽታ ማለት የሚቆጠር፣ የሚከበብና ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ የሚያበቃ ዘመቻ ነው የሚል። ስኳር ዜሮ የለውም።

ከዚያ በፊት የነበረው የወረርሽኝ ትዝታችን ደግሞ የኅዳር በሽታ ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚገመት ሰው እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት ጽፈዋል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጽኑ ታመው ነበር። የዚያ ወር ትዝታ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ይጨሳል። ቆሻሻው ይጠረጋል፣ ይከመራል፣ ይቃጠላል፤ ኅዳር ይታጠናል። በዚህ ልማድ መሳቅ አይገባም፤ ከተማ በዓመት አንድ ቀን ደጁን እንዲጠርግ ያደረገ ሌላ የጤና ዘመቻ ስንት አለን? ግን ልማዱ የተሸከመው ሐሳብ ግልጽ ነው። ክፉው ነገር ከውጭ በአየር መጣ፣ በጭስ ተባርሮ ሄደ። የታመመው ሰው ቀድሞ ምን ነበረበት የሚል ጥያቄ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ቦታ የለውም። በ1911 ጥያቄው ቢነሳም መልስ አልነበረውም። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው ቶሮንቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ነው፤ ከዚያ በፊት ኢንሱሊን ማምረት ያቆመ ቆሽት ያለው ሰው ወረርሽኝ ቢመጣም ባይመጣም ዕድሜው አጭር ነበር። ወረርሽኝና የዕድሜ ልክ ሕመም በአንድ አልጋ መገናኘት የቻሉት ሕክምና ሁለተኛውን ሰው በሕይወት ማቆየት ከቻለ በኋላ ነው። ስለዚህ ችግሩ ራሱ የእድገት ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው በር የተከፈተው ዘግይቶና በጠባቡ ነው። በዋና ከተማዋ የስኳር ክትትል ለረጅም ጊዜ የትልልቅ ሆስፒታሎች ሥራ ሆኖ ቆየ። በጥቁር አንበሳ ፕሮፌሰር ሌስተር ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትለው የኢትዮጵያውያን ስኳር ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጥናት አወጡ፤ የኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበርም የተመሠረተው በ1976 ዓ.ም. ነው። ወሬው ግን ጥናቱን አልተከተለም። ስኳር የሀብታም፣ የወፍራም፣ የከተሜ በሽታ ነው ተብሎ ተይዟል፤ በዘመኑ የድርቅና የረሃብ ዜና መካከል ስለ ስኳር ሕመም ማውራት ነውር ይመስል ነበር። ይህን እምነት ከሥሩ የነቀነቀው ጎንደር ነው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ጋር ኢትዮጵያን ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያውቁ የነበሩት ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ፣ ከገጠር የሚመጣው ኢንሱሊን ፈላጊ ሕመምተኛ ቀጭን፣ ድሃና ገበሬ መሆኑን አሳዩ። ክትትሉንም ከሆስፒታሉ አውርደው በየወረዳው ጤና ጣቢያ ለነርሶች አስረከቡ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በእርጥብ አሸዋ ወይም በሸክላ ማሰሮ ቀዝቅዞ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ ልብ ያለ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል፤ ለስኳር ሕመምተኛ ሕይወት ማለት የማይቋረጥ ሰንሰለት ነው፤ ጠርሙሱ፣ መርፌው፣ ቅዝቃዜው፣ ቀጠሮው፣ የመኪናው ሳንቲም። ወረርሽኝ በመጀመሪያ የሚበጥሰው ይህንኑ ነው።

ሁለቱ በሮች አንድ ጊዜ ተቀራርበው ነበር። ኤች አይ ቪ ተላላፊም የዕድሜ ልክም ሆኖ መጣ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. በክፍያ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ የኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ከዚያ በፊት በዚያ ስፋት ሠርቶት የማያውቀውን ሥራ ተማረ። ጤነኛ መስሎ የሚመላለስን ሰው መዝግቦ መያዝ፣ ከቀጠሮ ሲቀር ደውሎ ወይም ቤቱ ድረስ ሄዶ መፈለግ፣ ክትትሉ ለተረጋጋለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት አስይዞ መላክ። ይህ እውቀት በአንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴም በአንድ ኮሪደር ላይ ነበረ። ጎረቤቱ ክፍል ያለው ስኳር ሕመምተኛ ግን በየወሩ ይሰለፋል፣ የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ ከኪሱ ይገዛል፣ ቢቀር የሚፈልገው የለም። ልዩነቱን የፈጠረው የገንዘቡ ምንጭ ነው፤ የኤች አይ ቪው ዓለም አቀፍ ፈንድ ነበረው፣ የስኳሩ አልነበረውም። ፈንድ በበሽታ ስም ሲመጣ ክፍሉም በበሽታ ስም ይሠራል። ለዚህ ማንንም በክፉ መክሰስ አይቻልም፤ ያ ገንዘብ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ውጤቱ ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ ታየ።

ስኳርና ቫይረስ በአንድ ገላ ሲገናኙ የሚሆነውን በቅርበት ማየት ያስፈልጋል፤ ክርክሬ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነውና። ሰውነት ሲወረር ኮርቲሶልና አድሬናሊንን የመሰሉ ሆርሞኖች ይበዛሉ፣ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል፣ ኢንሱሊን ቢኖርም ጡንቻው እንደ ወትሮው አይታዘዝለትም። ጤነኛ ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ይቋቋመዋል፤ የስኳር ሕመምተኛው ቆሽት ግን አቅም የለውም። እዚህ ላይ በየቤቱ የሚሠራ አንድ ስሕተት ይጨመራል። ሰውየው ትኩሳት ይዞታል፣ ምግብ አስጠልቶታል፤ «ሳልበላማ ከወጋሁ ስኳሬ ይወርዳል» ብሎ መርፌውን ይተዋል። ያላግባብ የተባለ ነገር አይደለም፤ በጤናው ቀን የተማረው ይኸው ነው። በሕመም ቀን ግን ሳይበላም ስኳሩ ይወጣል። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስቡን እያቃጠለ ኬቶን ያመርታል፣ ደሙ ወደ አሲድነት ይሄዳል፣ ሽንቱ ውኃውን ጠራርጎ ያወጣል። ከዚያ ትንፋሹ ይረዝማል፣ ይፈጥናል፤ ሳንባው አሲዱን በትንፋሽ ለማስወጣት እየታገለ ነው። ይህ ሰው በወረርሽኝ ወቅት በር ላይ ሲደርስ የሚታየው ምንድን ነው? በደቂቃ 35 ጊዜ የሚተነፍስ፣ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሕመምተኛ። ኮሮና ነው ይባላል፤ ኮሮናም ሊሆን ይችላል። ጣቱ ላይ የተሰካው መለኪያ ኦክስጅኑን 96 ካነበበ ግን ትንፋሹን የሚያፈጥነው ሳንባው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ያን ለማወቅ ከጣት አንድ ጠብታ ደምና ሽንት ውስጥ የሚነከር ስትሪፕ ይበቃል። የመጣበት በር የሚጠይቀው ስለ ትኩሳት፣ ስለ ሳልና ስለ ንክኪ ብቻ ከሆነ ግን ጠብታዋ ሳትወሰድ ሰዓታት ያልፋሉ።

ከገባ በኋላም ሕክምናዎቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። የኬቶን አሲድ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሊትር የሚቆጠር ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ በደም ሥር ያስፈልገዋል፤ ቫይረሱ ያቆሰለው ሳንባ ደግሞ ፈሳሽ ሲበዛበት ይሞላል። አንዱ መመሪያ ስጠው ይላል፣ ሌላው ቆጥብ። ኢንሱሊን ሲጀመር ደም ውስጥ ያለው ፖታሲየም ወደ ሴል ይገባል፤ ፖታሲየሙ ከመጀመሪያውኑ ከ3.3 በታች ከሆነ ኢንሱሊኑ መቆየት አለበት፣ አለዚያ የልብ ምት ይዛባል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪው በቀን አንዴ ሳይሆን በየጥቂት ሰዓቱ መልስ መስጠት ይኖርበታል። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. እንግሊዝ ውስጥ የተካሄደው ሪከቨሪ የተባለ ጥናት ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉት መካከል የሞቱን መጠን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ ከሚወስዱት መካከል ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ርካሽ፣ በየፋርማሲው ያለ መድኃኒት መሆኑ እንደ እኛ ላለ አገር ትልቅ ዜና ነበር። ግን ዴክሳሜታሶን ስኳርን ይሰቅላል፤ የስኳር ሕመምተኛውን ከሞት የሚያድነው መርፌ ያንኑ ቀን ስኳሩን ከ400 በላይ ሊወስደው ይችላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በማደንዘዣ የተያዘ ሰው ደግሞ ስኳሩ ቢወርድ «ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔን ጨለመኝ» የሚልበት አንደበት የለውም። በቱቦ የሚሰጠው ምግብ ለአንድ ምርመራ ተቋርጦ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ ከቀረ፣ የሚያውቅለት የሚለካው ነርስ ብቻ ነው። የደም ግፊቱ ከወደቀ የጣት ደሙ ንባብ ራሱ ሊያሳስት ይችላል። እነዚህ ሁሉ የሚሠሩ ነገሮች ናቸው፣ ተአምር አይጠይቁም። የሚጠይቁት ሁለቱንም ሕመም የሚያውቅ ዓይን በአንድ አልጋ ዙሪያ መኖሩን ነው።

ቁጥሩም ይህን ይደግፋል። ኮሮና ከመምጣቱ አሥር ዓመት በፊት፣ ኤች 1 ኤን 1 ኢንፍሉዌንዛ ሲዛመት፣ በካናዳ ኩቤክ የተደረገ ጥናት ስኳር ያለበት ሰው ሆስፒታል የመግባት ዕድሉ ሦስት እጥፍ፣ ከገባ በኋላ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመድረስ ዕድሉ አራት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። ማስጠንቀቂያው እንግዲህ ቀድሞ ነበረ። ከዚያ ኮሮና ሲመጣ በቻይናዋ ሁቤይ ግዛት በተደረገ ጥናት 7,337 የኮሮና ሕሙማን ታዩ፤ 952ቱ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ነበረባቸው። ስኳር ካለባቸው ከ100 ወደ 8 የሚጠጉት ሲሞቱ፣ ከሌለባቸው ከ100 ወደ 3 የሚጠጉ ሞተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ሌላው ነው። በሆስፒታል ቆይታቸው ስኳራቸው በልክ የተያዘላቸውና ያልተያዘላቸው ሲነጻጸሩ፣ ከመጀመሪያዎቹ ከ100 አንድ፣ ከሁለተኞቹ ከ100 አሥራ አንድ ሞቱ። በእንግሊዝ ደግሞ በመጀመሪያው ማዕበል በሆስፒታል በኮሮና ከሞቱት ሰዎች አንድ ሦስተኛው የስኳር ሕሙማን ነበሩ።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ዕድሜ ነው። ስኳር የአረጋውያን ጓደኛ ነው፤ ኮሮና አረጋውያንን ገደለ፤ ስለዚህ ስኳሩ የዕድሜ ጥላ ብቻ ነው የሚል። ከፊሉ እውነት ነው፤ ዕድሜ ከሁሉ የበለጠ ገዳይ መሆኑ በሁሉም አገር ታይቷል። የእንግሊዙ ጥናት ግን ዕድሜን፣ ፆታን፣ ድህነትንና ቦታን አስተካክሎም የሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለበት ሰው የመሞት ዕድል እጥፍ፣ የአንደኛው ዓይነት ያለበት ደግሞ ሦስት ተኩል እጥፍ መሆኑን አገኘ። የአንደኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ የወጣቶች ነው። ኢንሱሊን ካልተወጋ በቀናት ውስጥ ኬቶን የሚያጥለቀልቀውም እሱ ነው። ዕድሜ ሁሉን ቢያስረዳ ኖሮ ዕድሜው ከተስተካከለ በኋላ ይህ ብልጫ ባልታየ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፤ የመጣውም ከፈረንሳይ ነው። ኮሮናዶ በተባለው ጥናት ሆስፒታል የገቡ 1,317 የስኳር ሕሙማን ክትትል ተደርጎላቸው፣ በሰባት ቀን ውስጥ ከአሥሩ አንድ የሚሆነው ሞተ። ተመራማሪዎቹ ቀድሞ የነበረው የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን ከሕመሙ መጽናት ጋር ግንኙነት እንዳላሳየ ጻፉ። ታዲያ የዓመታት ክትትል ለወረርሽኙ ቀን ምን ጠቀመ? ውጤቱን እስከ ታች ያነበበ ሰው መልሱን እዚያው ያገኘዋል። ሆስፒታል በገቡበት ሰዓት የተለካው ስኳር ከሕመሙ መባባስ ጋር ተያይዟል፤ ከሞት ጋር ደግሞ የተያያዘው ስኳሩ በዓይን፣ በኩላሊት፣ በልብና በደም ሥር ላይ ቀድሞ ያደረሰው ጉዳት ነው። የኩላሊት ጉዳት በሦስት ወር አይመጣም፤ የዓመታት ያመለጠ ቀጠሮና ያልተለካ ስኳር ውጤት ነው። ስለዚህ የሦስት ወሩ ቁጥር ዝም ቢልም የአሥር ዓመቱ ታሪክ ይናገራል። የቻይናው ጥናት ወደ ኋላ የተመለከተ በመሆኑ ብቻውን ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ ስኳሩ በልክ ያልተያዘው ሕመሙ ስለጸናበት ሊሆንም ይችላል። ከፈረንሳዩ ጋር ሲነበብ ግን ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ ቀድሞ የተጠራቀመውን ጉዳትና በአልጋው ላይ የሚደረገውን ጥንቃቄ ማንም ለይቶ መተው አይችልም።

እዚህ ላይ «ስኳሩን እንግዲህ አጥብቆ ማውረድ ነው» የሚል ጥድፊያ እንዳይመጣ አንድ የቆየ ታሪክ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2001 ከቤልጅየም ሌቨን የወጣ ጥናት ጽኑ ሕሙማንን ስኳራቸውን በ80 እና በ110 መካከል ማቆየት ሞትን እንደሚቀንስ አሳይቶ ዓለም ሁሉ ተከትሎት ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ከ6,000 በላይ ሕሙማን የተካተቱበት ናይስ ሹገር የተባለ ጥናት ነገሩን ገለበጠው፤ እንዲያ አጥብቆ መያዝ ሞትን ከ24.9 በመቶ ወደ 27.5 በመቶ አሳደገ፤ ከመጠን በታች የሚወርድ ስኳርም በዛ። ዛሬ ብዙዎች የሚስማሙበት ከ140 እስከ 180 ያለው ልክ ከዚያ የተወለደ ነው። ለአዲስ አበባ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይህ መልካም ዜና ነው፤ ልኩ ሰፊ በመሆኑ ውድ መሣሪያ ሳይሆን በየሰዓቱ የሚለካ ሰው በቂ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ መለየቱን ይከላከላል። የኮሮና ሕመምተኛን ለብቻው ማስቀመጥ ምርጫ አልነበረም፤ መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው፣ ከ1,000 በላይ አልጋ የያዘው ሚሊኒየም አዳራሽ ወደ ሕክምና ማዕከልነት የተለወጠው ወረርሽኙ እንዳይዛመትና ሆስፒታሎች እንዳይበከሉ ነው። ትክክል ነው። ለሚሊኒየም ማዕከልም ክብሩን መንፈግ አይገባም፤ ያንቀሳቀሱት የጳውሎስ ሐኪሞች ነበሩ፤ የስኳር ክትትል ያለው ሆስፒታል ሰዎች። ከዚያው ማዕከል የወጡ ጥናቶችም ዕድሜን፣ ደም ግፊትንና ስኳርን ከሕመሙ መጽናት ጋር አያይዘው ለአገሩ አሳውቀዋል። እኔ የምከራከረው ከግድግዳው ጋር አይደለም። ሰው ሲሄድ መረጃው ባለመሄዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከግድግዳው ውጭ የቀረው ሕመምተኛ በመረሳቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. 155 አገሮችን ጠይቆ ባወጣው መግለጫ 49 በመቶዎቹ የስኳር ሕክምናቸው በከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ መስተጓጎሉን ተናግረዋል። ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ማዕከላቱ ሄዱ፣ ታክሲው ግማሽ ሰው ጫነ፣ ታሪፉ ጨመረ፣ ቀጠሮ ተራዘመ፣ ሕመምተኛውም ሆስፒታል ሄጄ ኮሮና ይዤ እመጣለሁ ብሎ ፈራ። ከሳንሱሲ ጳውሎስ ለመድረስ የሚወጣው ገንዘብ ሲጨምር ቀጠሮው ለብዙዎች የዳቦ ጥያቄ ሆነ። በኤች አይ ቪው ኮሪደር የስድስት ወር መድኃኒት የያዘው ጎረቤቱ በዚያ ወር የሚያሳስበው ከዚህ ያነሰ ነበር።

የመጨረሻው ተቃውሞ በግልጽ አይነገርም እንጂ በበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ይኖራል። ድሃ አገር ነን፣ የስኳር ሕመምተኛው ጥቂት ነው፣ ቅድሚያ ለተላላፊው ይሁን። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያ ስኳር ያለባቸውን አዋቂዎች ወደ 1.9 ሚሊዮን ገምቷል፤ ይህ ጥቂት አይባልም። በአፍሪካ ደረጃ ደግሞ ስኳር ካለባቸው ከግማሽ በላዩ ስኳር እንዳለበት አያውቅም። ለነዚህ ሰዎች ጽኑው ቫይረስ የመጀመሪያ ምርመራቸው ይሆናል፤ ስኳር እንዳለባቸው የሚያውቁት ኦክስጅን ላይ ሆነው ነው። ቸል የተባለው ስኳር በዴክሳሜታሶን ሲጨመርበት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያሳየችው ህንድ ናት፤ በ2013 ዓ.ም. በኮሮና ማግስት ጥቁር ፈንገስ የተባለው ሕመም ከ45 ሺህ በላይ ሰዎችን ያዘ፤ አብዛኞቹ የስኳር ሕሙማን ነበሩ፤ ዓይናቸውና የላይኛው መንጋጋቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ብዙ ናቸው። ወጪውንም ስናነጻጽር ተቃውሞው ይገለበጣል። አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ለራሱ፣ ለኤሌክትሪኩና ለሠለጠነ ባለሙያው የሚፈልገው ገንዘብ ለብዙ ጤና ጣቢያዎች የስኳር መለኪያ፣ የጣትና የሽንት ስትሪፕ ለዓመታት ይበቃል። መሣሪያው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በኮሮና ያጣቻቸው ተብለው የተመዘገቡት 7,500 ገደማ ሰዎች መሣሪያ የመፈለግ መብት ነበራቸው። ግን ከዚያ አልጋ በፊት በሳንሱሲ ጤና ጣቢያ በር ላይ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም፣ «ትኩሳት ካለህ መርፌውን እንዳትተው» የሚል አንድ ቃልና ለሦስት ወር የሚሆን ኢንሱሊን ወረርሽኙ ሳይጠራቸውም ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው። የጎንደር ነርሶችና የኤች አይ ቪ ክፍሎቹ ሠርተው አሳይተዋል።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ በዓመቱ ዕለት፣ የኮሮና ክትባት በኢትዮጵያ ተጀመረ። የገባው 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት ስለነበር ቅድሚያ መስጠት ግድ ሆነ፤ ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተጠሩ። ለዓመታት በሁለት በር የተለዩት ሕመሞች በመንግሥት መመሪያ ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተጻፉ፤ ስኳር ያለበት ሰው በስኳሩ ምክንያት ከተላላፊው እንዲጠበቅ። ካርድ ያለው ሰው በዚያ ጥሪ መሠረት ሄዶ ክንዱን ሊሰጥ ይችል ነበር። ስኳሩ ተለክቶ የማያውቀው፣ ውኃ ጥሙንና ድካሙን የዕድሜ ወይም የሥራ ብዛት ያደረገው ሰው ግን ጥሪው ለእሱ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።